ሰዓቱ የማይታይበት ኮረብታ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በረንዳው ላይ ያላችሁም ግቡ፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ዛሬ ምሕረት የለውም። ያቺን ዱካ ለታላቃችሁ ልቀቁላት። ተመቻችሁ? እንግዲህ ስለ አንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ ልነግራችሁ ነው። እኔ አላየኋትም። ለብዙ ዓመት ከኛ ሰፈር አይቷት የተመለሰ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አቶ ምንያህል ደስታ ነው።

ምንያህልን ታውቁታላችሁ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣው መካኒክ፣ ያ ረጅሙ፣ ትንሽ ጎንበስ የሚለው። ሰፈሩ «ጀርመኑ» ይለዋል። ቀጠሮ አያሳልፍም፣ ሲያስጠብቁት ይከፋዋል፤ ባጃጅ ነጂዎቹ ሲያዩት «ጀርመኑ፣ ላድርስዎት ወይስ እኔ አረፍድብዎታለሁ?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አልፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ያየ የለም።

ገና ወጣት ሳለ ለመካኒክነት ሥልጠና ሁለት ዓመት የተቀመጠባት ከተማ ሞልስሮዳ ትባላለች። አብሮት የሄደው የእድሜ እኩያው ዮፍታሄ ደስታ ነበር፤ የአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ልጅ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ ላይ እየዘለለ ያደገ። ምንያህል ተመለሰ፣ ዮፍታሄ ግን አልተመለሰም። የቀረችው ታላቅ እህቱ ወይዘሮ ተዋበች ናት። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ነበረች፤ ዓሣ እየበለተች፣ እጇ በቅርፊት እየተቆረጠ፣ ደብተር እየገዛችለት።

የካቲት በገባ በሰባተኛው ቀን፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳያጓድል፣ ምንያህል ከአሞራ ገደል ጀርባ ያለችውን የተዋበችን ቤት ያንኳኳ ነበር። የዮፍታሄ ሙት ዓመት ነው። ዝክሩ ከተቀመሰና ጎረቤቱ ከወጣ በኋላ ሴትዮዋ ነጠላዋን ታስተካክልና፣ «እስቲ ከተማውን አስጎብኘኝ» ትለዋለች። ሬሳ አላየች፣ መቃብር አላየች፤ ያላት ከተማው ብቻ ነው፤ እሱም ያለው በዚህ ሰው አፍ ውስጥ ነው።

እሱም ይጀምራል። ሮዳ ማለት በእነሱ ቋንቋ ደን መንጥረው ያቀኑት መሬት ነው ይላታል። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት መነኮሳት መጥተው ዛፉን ጣሉ፣ ከተማዋን ቆረቆሩ። ከዚያ እሳት በላት። ከዚያ ወረርሽኝ ገባ። ከዚያ የባዕድ ወታደር መጣና የቤተ ክርስቲያኗን ደወል አውርዶ አቅልጦ መድፍ አደረገው። እዚህ ጋ ስትደርስ ተዋበች በየዓመቱ፣ ካህናቱ ዝም ብለው አዩ ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ እሱም በየዓመቱ፣ አንዱ ደወሉ ላይ ተቀምጦ አልነሣም ብሎ እንደነበር ይነግራታል። ከዚያ በኋላ ከተማዋ የቆዳ ጓንት መስፋት ተማረች። ሴቱ በመስኮት ሥር፣ ወንዱ በፋብሪካ፣ መቶ ዓመት ጓንት ሰፉ። ሁለቱ ጦርነቶች ወንዶቹን ወሰዱና ስማቸው አደባባዩ መሀል ድንጋይ ላይ ቀረ። እነምንያህል ሲደርሱ ስድስት ሺህ ሰው፣ አንድ ጓንት ፋብሪካ፣ አንድ የክር ፋብሪካ፣ ባቡር በቀን አራት ጊዜ።

ተዋበች የምትወደው ግን የሰዓቱን ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ማማ አራት ጎን አለው፤ ሰዓት ያለው ግን በሦስቱ ብቻ ነው። ማማው ሲሠራ በስተሰሜን ያሉት ገበሬዎች ድንጋይ አናቀርብም አሉ። ከተሜውም፣ እንግዲያው ሰዓታችንን አታዩም ብሎ ያንን ጎን ባዶ ተወው። እስከ ዛሬም ባዶ ነው። የከተማው መቃብር ደግሞ ያለው በስተሰሜን፣ ሰዓቱ በማይታይበት ኮረብታ ላይ ነው። ዮፍታሄ ገና በጤናው ሳለ፣ ሙታኑ ሰዓት ጠይቀው ማን ሊቀጥሩ ነው ብሎ ስቆ ነበር። ይህን ስትሰማ ተዋበች ትስቃለች፤ ስቃ ስቃ ዓይኗን ትጠርጋለች። «የሱ አፍ ነው፣ የሱ አፍ ነው» ትላለች።

አሁን ምንያህል ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያልተናገረውን ልንገራችሁ። ሳትሰሙት ወደ ፊት ብንሄድ አይገባችሁም።

ጀርመኖቹ የአባት ስም ምን እንደሆነ አያውቁም። የሁለቱም አባት ስማቸው ደስታ መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ አይዛመዱም፤ አንደኛው ደስታ የይርጋለም መምህር፣ ሌላኛው ደስታ የሀዋሳ ዓሣ አጥማጅ። መዝገቡ ላይ ግን ሁለቱም «ደስታ» ተብለው ገቡና ከተማው ሁሉ ወንድማማቾች ናቸው ብሎ ያዛቸው። እነሱም አልተከራከሩም። ማታ ማታ በክፍላቸው ሆነው፣ ሁለት ደስታ አንድ ቤት ገብቶ እንዴት ይህን ያህል ይበርዳል እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የብርድ ወራት፣ በየካቲት፣ ከከተማው ወፍጮ አጠገብ ያለው ኩሬ ረግቶ በረዶ ሆኖ ሰነበተ። ልጆች ይንሸራተቱበት ነበር። ዮፍታሄ ውኃ ፈርቶ አያውቅም። በረዶ ውኃ መሆኑን ግን ማን ነግሮት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አየሩ ለቀቅ ብሎ ሳለ፣ ውኃው በሚፈስበት በኩል ብቻውን ሲሻገር ተሰበረበት። ሐይቅ ላይ ያደገውን ልጅ ኩሬ በላው።

በማግስቱ ከማዘጋጃ ቤቱ አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ መጣች። ወንድምህ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። ምንያህልም እያለቀሰ፣ «አዎ፣ ወንድሜ ነው» አላት። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አብሮ የበላን፣ አብሮ የተራበን ሰው እኛ ሌላ ምን ብለን እንጠራለን? ሴትዮዋ ግን ጻፈችው። ወረቀቱ ላይ ምልክት የሚደረግበት ሁለት ቦታ ነበር። በአንዱ ምልክት ካደረገ ሬሳው ወደ አገሩ ይላካል፤ ወንድሙም ሥልጠናውን ትቶ አብሮት ይመለሳል። በሌላው ካደረገ እዚያው ይቀበራል።

ጊዜው ክፉ ነበር። ሥልጠናው ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶታል። ሳይጨርስ አገሩ የገባ ወጣት በማግስቱ መሣሪያ ተሸክሞ ወደ ሰሜን እንደሚላክ ምንያህል ያውቃል። እስክሪብቶው እጁ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሁለተኛው ቦታ ላይ ምልክት አደረገና ፈረመ። ወንድም ነኝ ብሎ ፈረመ።

ሲመለስ ተዋበች አሞራ ገደል ላይ፣ እጇ በዓሣ ደም እንደተነከረ አገኛት። መርዶውን ቀድማ ሰምታለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለምን አላመጣህልኝም አለችው። እሱም መንግሥት ነው የከለከለው፣ ለምነን ለምነን እምቢ አሉን አላት። አመነችው። ያመጣላትን የዮፍታሄን ኮት ዘርግታ፣ በኮቱ ላይ አለቀሰች።

ሌላም አለ። በዚያ አገር ሰው መሬት ውስጥ ለዘላለም አይቀመጥም። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላው የሚፈልገው ዘመድ ካለ ይታደስለታል፤ ዘመዱ ዝም ካለ ድንጋዩ ተነሥቶ ሣር ይዘራበታል። ሃያ አምስቱ ዓመት ሲሞላ ለወንድሙ ለአቶ ደስታ ደብዳቤ መጣ፣ በፋብሪካው የፖስታ ሣጥን። ምንያህል መዝገበ ቃላት ዘርግቶ አነበበው። በሦስት ወር ውስጥ መልስ ስጥ ይላል። መልስ ለመስጠት ደግሞ እውነተኛዋን እህት መጥራት ያስፈልጋል፤ እሷን ለመጥራት ያንን ፊርማ መናገር ያስፈልጋል። ዛሬ ነገ ሲል ሦስቱ ወር አለፈ። ደብዳቤውን አጥፎ የመሣሪያ ሣጥኑ ሥር ከተተው። በዚያ ዓመት የካቲትም ሄዶ ከተማውን አስጎበኛት፤ መቃብሩ ላይ ስላለው የሊንደን ዛፍም ነገራት።

እንዲህ እያለ ዓመታት ሄዱ። ባለፈው ጥቅምት የተዋበች የልጅ ልጅ ፌቨን፣ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው፣ ለሦስት ወር ትምህርት ወደ ጀርመን እንድትሄድ ተመረጠች። የምትቀመጥበት ከተማ ከሞልስሮዳ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ተዋበች ይህን ስትሰማ ቆማ እልል አለች፤ ጉልበቷን ይዛ ቆማ። የለመነቻት አንድ ነገር ነው፤ ከመቃብሩ አንድ እፍኝ አፈር እንድታመጣላት። እዚህ ገብርኤል ግቢ ላስቀብረው፣ እኔም ስሞት አጠገቡ ልተኛ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠይቅም አለቻት።

ፌቨንም ምንያህል ቤት መጣችና፣ «ጋሼ፣ ካርታ ይሥሩልኝ» አለችው።

ሠራላት። በእርሳስ፣ በማስመሪያ፣ እንደ ማሽን ንድፍ አድርጎ። ድልድዩን፣ ጓንት ፋብሪካውን፣ ባለ ሦስት ሰዓቱን ማማ፣ ወደ ኮረብታው የሚወጣውን መንገድ። መቃብሩ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ሊነግራት አፉን ከፈተ። ፌቨን ግን የሻንጣዋን ክብደት፣ የብርዱን ልብስ እያወራች ትስቅ ነበርና አፉን መልሶ ዘጋው። የሊንደኑን ዛፍ ሠራና፣ ከሥሩ ትንሽ መስቀል አደረገ። ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት ደግሞ ተነሥቶ እስከ ተዋበች በር ሄደ። ሴትዮዋ በር ላይ ተቀምጣ፣ አፈሩ የሚገባበትን ከረጢት ከነጭ አቡጀዲ ትሰፋ ነበር። ዓይኗ ስለደከመ መርፌውን እሱ ሰካላት። ያን ቀንም ሳይናገር ተመለሰ።

ኅዳር ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ፌቨን በኢሞ ደወለች። ተዋበች ምንያህልን አስጠርታው ነበር። ስልኩን ስኒ ላይ አስደግፎ ከፊቷ አቆመላት። ምስሉ ግራጫ ነው፤ ሰማዩም መንገዱም አንድ ዓይነት። ፌቨን ባቡሩ ከቆመ ሃያ ዓመት እንዳለፈው፣ በአውቶቡስ እንደመጣች ነገረቻቸው። ከተማው ውስጥ ሰው የለም አለች።

«ድልድዩን አሳዪኝ» አለች ተዋበች።

«የቱን ድልድይ፣ እማማ?»

«ግራሽን ይዘሽ ውረጂ። የብረት አጥር አለው። ውኃው ጠባብ ነው፣ በእርምጃ ሃያ ቢሆን ነው።»

ፌቨን ወረደች። ድልድዩ ነበረ። ከሀዋሳ ወጥታ የማታውቅ ሴት በማታውቀው አገር መንገድ ስትመራ ምንያህል ያያል። በቀኝሽ ጓንት ፋብሪካው ይመጣል ትላለች፤ ይመጣል፤ መስኮቱ ሁሉ በጣውላ ታሽጎ። አደባባዩ ላይ ስም የተጻፈበት ድንጋይ አለ ትላለች፤ አለ። ማማው ብቅ ሲል ከወንበሯ ጠጋ አለች፤ ሰዓቱን ስታይ እንደ ልጅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በስልኩ ውስጥ የማማው ሰዓት ሦስት ጊዜ ደወለ።

«ምንያህሌ፣ አልዋሸኸኝም» አለችው። «አንዱንም አልዋሸኸኝም።»

ያኔ ነው ምንያህል የተሰበረው። ፌቨን ካርታውን ዘርግታ ወደ ኮረብታው ልትወጣ ስትል፣ «እትዬ፣ መቃብሩ ጋ ሳትደርስ የምነግርዎት አለ» አለ።

«ቆይ፣ ትውጣ።»

«እትዬ፣ መንግሥት አልከለከለም። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ነገራት። ሁለቱን ቦታ፣ ምልክቱን፣ ወንድሜ ነው ያለውን፣ ሰባቱን ወር፣ ወደ ሰሜን የሚላኩትን ልጆች። የደብዳቤውንም ነገራት፣ የመሣሪያ ሣጥኑንም። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ራሱንም አልተከላከለም፤ እንደ ተበላሸ ማሽን ክፍሉን አንድ በአንድ ፈቶ ፊቷ አስቀመጠው። በስልኩ ውስጥ የፌቨን እርምጃ ቆሟል። ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

ውጭ የሐይቁ ትላልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ቆርቆሮው ላይ ያንኳኳሉ።

«እማማ፣ ልመለስ?» አለች ፌቨን።

«ኮረብታውን ውጪ» አለች ተዋበች።

ወጣች። የመቃብር ቦታው በር ተንጫረረ። የሊንደኑ ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ ቆሟል። ከሥሩ ሣር ነው። እኩል የታጨደ፣ እርጥብ፣ ምንም የሌለበት ሣር። ፌቨን ስልኩን አዞረችው፤ ከሣሩ ማዶ፣ ቁልቁል፣ የማማው ባዶ ጎን ይታያል። አጠገቡ መቃብር ላይ አበባ የምታኖር አሮጊት ነበረችና ፌቨን ሄዳ ጠየቀቻት። ሲነጋገሩ ሰሙ። ተመልሳ በአማርኛ ነገረቻቸው፤ ድንጋዮቹ ከተነሡ አሥራ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ከሥር ያሉትን ግን አልነኳቸውም፣ እንዳሉ ናቸው አለች።

«እንግዲያው ስሙን ነው የነቀሉት» አለች ተዋበች፤ ለራሷ ይመስላል። «እሱ እዚያው ነው።» ከዚያ ወደ ምንያህል ዞረች። ዓይኗ ደክሟል ብያችኋለሁ፤ ያን ቀን ግን በደንብ አየችው። «ወጣት ነበርክ። ፈራህ። እኔም ብሆን ልጄን ወደዚያ ጦርነት አልሰድም ነበር። እሱን ልተውልህ እችል ይሆናል። ደብዳቤው ሲመጣ ግን ጎልማሳ ሰው ነበርክ፣ ምንያህል። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ጣቴን ቀለም ነክሬ እፈርም ነበር። አንድ ቀን መጥተህ እትዬ ጣትዎን ብትለኝ ኖሮ ስሙ እዚያ ነበር። ፈርመህ ቀበርከው፣ ሳትፈርም ደግሞ ነቀልከው።»

ምንያህል ሊሄድ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ሂድ አልልህም» አለችው። «ቤቴ ነው፣ ስትታመም ብቅ እላለሁ፣ ስታመም ብቅ በል። የካቲት ላይ ግን አትምጣ። ያንን ከተማም ከእንግዲህ አታስጎብኘኝ።»

ከዚያ ወደ ስልኩ ዞራ ለፌቨን፣ ከዛፉ ሥር፣ ሣሩን ገለጥ አድርጋ እንድትዘግን ነገረቻት። የማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ ብትላት፣ «የማንም ይሁን፣ ብቻቸውን የቀሩ ናቸው» አለቻት። ፌቨን ተንበረከከች። ምስሉ መሬት መሬቱን ብቻ አሳየ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

አፈሩ ጥር ሲያልቅ በነጭ አቡጀዲው ከረጢት መጣ። የካቲት ሰባት ቀን ገብርኤል ግቢ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ፈቃድ ተጠይቆ ትንሽ ጉድጓድ ተቆፈረ። ያልተጠበቀ የበልግ ዝናብ ያካፋ ነበር። አምስት ስድስት ሰው ነን፤ እኔም ነበርኩ። ምንያህል በሩ ውጭ፣ ጥላ ሳይዝ ቆሟል። አልገባም፣ አልሄደምም። ተዋበች ያ የቆመው ማን ነው ብላ ፌቨንን ጠየቀቻት፤ ነገረቻት።

ሁሉ ካለቀ በኋላ በፌቨን ክንድ ተደግፋ በሩን ስትወጣ አጠገቡ ቆም አለች። ሁላችንም ጆሯችንን ሰጠን።

«ጉልበትህን ብርድ ይገባዋል» አለችው። «ቤትህ ግባ።»

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመረችም፤ እስከ ዛሬም አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ ምንያህል ሐይቁ ዳር ብቻውን ሲሄድ አያለሁ። አንዳንዴ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ብዬ አንድ ቀን ሰማሁት፤ መነኮሳቱን፣ እሳቱን፣ ደወሉን ይቆጥራል፤ ለማንም እያስጎበኘ ግን አይደለም። መቃብሩ ጋ ሲደርስ ይቆምና እንደገና ከድልድዩ ይጀምራል። ከተማዋን አሁን በቃሉ የሚያውቃት ሰው ሁለት ነው፣ እሱና ተዋበች፤ ሁለቱም አያወሯትም። ለዚህ ነው እኔ ያወራኋችሁ።

ሞልስሮዳን ብትረሷት ግድ የለኝም፣ ልጆቼ፤ እሷ መዝገብም ድንጋይም አላት። የገብርኤሉ ጥግ ግን ድንጋይ አልቆመበትም፤ ተዋበች የሚነቀል ነገር አልፈለገችም። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት አንድ ጊዜ በአፋችሁ በሉልኝ፣ ቀስ ብላችሁ፤ ዮፍታሄ ደስታ። ሌላ ቦታ አልተጻፈም። እናንተ ዘንድ ይቆይልኝ።